ሰርቨሩ በሞዴል 19 ገቢ ሆነ፤ ቁልፉስ በማን እጅ ነው?

በነሐሴ 2015 የቀድሞው የደቡብ ክልል ተከፍሎ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት፣ ከሀዋሳ የተነሱት ቢሮዎች በአንድ ከተማ አልተሰበሰቡም። ሆሳዕና፣ ወልቂጤ፣ ቡታጅራ እና ሌሎችም የክልሉ ማዕከላት ተካፈሏቸው። በዚያው ሰሞን የጉራጌ ዞንም ተከፍሎ ወልቂጤ የአንዱ፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆኑ። እንዲህ ያለ ሽግግር ሲመጣ አገራችን የቆየ አሠራር አላት። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ንብረት ይቆጠራል፣ ጠረጴዛውም መኪናውም ኮምፒውተሩም በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ እየሆነ በፊርማ ይተላለፋል። ሰርቨር የሚባለው ማሽን ሲቆጠር እንደማንኛውም ዕቃ መለያ ቁጥር ይለጠፍበታል። በማሽኑ ውስጥ ያለው ሙሉ ሥልጣን ግን፣ ማለትም ማንኛውንም ፋይል ከፍቶ ማየት፣ መለወጥና ማጥፋት የሚያስችለው የአድሚን አካውንት፣ የሚተላለፍበት ሞዴል የለም። ሠራተኛ ሲለቅ የሚሞላው የክሊራንስ ቅጽ ስለ ወንበርና ስለ ብድር ይጠይቃል፤ በየትኛው ሰርቨር ላይ ምን አካውንት እንደነበረው ግን እምብዛም አይጠይቅም። የሰርቨር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ደህንነት መስፈርት ጉዳይ በትናንሽ ከተሞች ለዓመታት ሳይፈታ የቆየው፣ በእኔ እምነት፣ ከዚህ ክፍተት የተነሳ ነው። ክርክሩ ሁልጊዜ ስለ ዕቃና ስለ ገንዘብ ይሆንና ኃላፊው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወረዳኔት ከ600 በላይ ወረዳዎችን በሳተላይት ከፌዴራልና ከክልል መንግሥት ጋር ሲያገናኝ፣ ኮምፒውተር የጽሕፈት መኪና ምትክ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ትልቅ መረብ ጫፍ ሆነ። የበጀትና የወጪ ሂሳብ አይቤክስ በሚባለው ሥርዓት መሠራት ጀመረ። በጤናው ዘርፍ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ 2 መጣ። ይህ የጤና መረጃ ሥርዓት አብዛኛውን ጊዜ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ የሚጫን ክፍት ሶፍትዌር ነው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ሁላችንም ኢንሳ የምንለው፣ በ1999 ሲቋቋም የአገሪቱን መረብ መጠበቅ የመንግሥት ሥራ መሆኑ በደንብ ተደነገገ። ከዚያ በኋላ አዋጅ ቁጥር 808/2006 የተቋሙን ሥልጣን አስፍቶ በድጋሚ አቋቋመው፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ተከተለ፤ ኢንሳም «ክሪቲካል ማስ» በሚል ስያሜ የሚታወቅ ዝቅተኛ የሳይበር ደህንነት መስፈርት አወጣ። እንግዲህ ሕግ የለም፣ መስፈርት የለም ማለት አይቻልም። የጎደለው በላይና በታች መካከል ያለው መገጣጠሚያ ነው።

መስፈርቱ በራሱ ምን እንደሚጠይቅ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ደህንነትን የሚያስበው ሌላ ሶፍትዌር እንደ መግዛት ነውና። አንድ ሰርቨር ከፋብሪካ ወይም ከሲዲ ሲጫን ለሁሉም ዓይነት ደንበኛ እንዲያገለግል ተብሎ የተሰናዳ ነው። ፋይል ያጋራል፣ ማተሚያ ያገናኛል፣ ከርቀት ያስገባል፣ ማንም ያልጠየቀውን አገልግሎት ከበስተጀርባ ያሄዳል። እያንዳንዱ ክፍት አገልግሎት ከውጭ የሚመጣ ትዕዛዝ የሚሰማ ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራም ደግሞ ስህተት አያጣም። ስለዚህ ሰርቨርን ማጠንከር ማለት በዋናነት መቀነስ ነው። የማያስፈልገውን አገልግሎት መዝጋት፣ የማይሠራበትን አካውንት መሰረዝ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሥራው የሚጠይቀውን ያህል ሥልጣን ብቻ መስጠት፣ ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ እንዲሆን ፋየርዎሉን ማስተካከል ነው። ይህን አስተሳሰብ ጄሮም ሳልዘር እና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 በጽሑፍ አስፍረውታል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስቲግ በሚባሉ መመሪያዎች ወደ ዝርዝር ደንብ ለወጠው፤ በ2000 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው ሲ.አይ.ኤስ የተባለው ድርጅትም ለእያንዳንዱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ተመሳሳይ መለኪያ ያዘጋጃል። ለአንድ ሊኑክስ ሰርቨር የሚወጣው የስቲግ ዝርዝር በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች አሉት። ሲነበብ ያስፈራል። ሲጨመቅ ግን ጥቂት ነገር ነው የሚጠይቀው፦ ምን እንደሚሠራ እወቅ፣ ማን እንደሚገባ እወቅ፣ ቀዳዳው ሲታወቅ ድፈን፣ የሆነውን መዝግብ፣ ሲጠፋ የምትመልስበት ባክአፕ ይኑርህ።

ከእነዚህ መካከል «የሆነውን መዝግብ» የሚለው በእኛ አገር ለብቻው ሊታይ ይገባል። ሰርቨር የገባውንና የወጣውን፣ የተሳሳተውን ፓስዎርድና የተለወጠውን ፋይል በሎግ ይይዛል። ሎጉ ማስረጃ የሚሆነው ሰዓቱ ትክክል ከሆነ ነው። ለዚህም ነው ማንኛውም መስፈርት የሰርቨሩ ሰዓት ከታመነ ምንጭ ጋር በኔትወርክ እንዲናበብ የሚያስገድደው። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ከተማ፣ በማሽኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትሞት ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሎጉ ከነጭራሹ አይረባም። ባትሪው ጤነኛ ቢሆን እንኳ ሌላ ችግር አለ። የቡታጅራ የሂሳብ ሠራተኛ «ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሰው ገብቶበታል» ሲል፣ ሰርቨሩ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ከተሞላ 21፡00፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት ከተተወ 18፡00 ብሎ ጽፎታል። ቀኑም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ጉዳዩን የሚመረምረው ባለሙያ ወይም ፖሊስ ይህን ልዩነት ካላወቀ ንጹሕ ሰው ሊጠረጠር፣ ጥፋተኛው ሊያመልጥ ይችላል። ከውጭ የተገለበጠ የትኛውም ዝርዝር ይህን አይነግረንም። በወልቂጤና በቡታጅራ የሚሠራ መስፈርት ግን አንድ መስመር ሊጨምርበት ይገባል፦ ሁሉም ሰርቨር በአንድ የሰዓት አሞላል ይሞላ፤ የክስተት ሪፖርት ሲጻፍም የኢትዮጵያ ሰዓትና የማሽኑ ሰዓት ጎን ለጎን ይስፈሩ።

«እኛን ማን ያጠቃናል?» የሚለው ተቃውሞ በየስብሰባው ይነሳል። ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ጠላት ሁሌ ትልቁን ይፈልጋል ከሚል ግምት የመጣ ነው። በሰኔ 2012፣ የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ሲቃረብ፣ ሳይበር ሆረስ የሚል ስም ያለውን ጨምሮ መነሻቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች የኢትዮጵያ መንግሥት ድረ ገጾችን ማጥቃታቸውን ኢንሳ አስታውቋል። እንዲህ ያለ አጥቂ መልእክቱ እንዲታይለት ይፈልጋል፤ የሚከፈትለት በር የትኛውም ይሁን ግድ የለውም። የአንድ ትንሽ ከተማ ገጽም የኢትዮጵያ ስም አለበት። ከፖለቲካው ውጭ ያለው ደግሞ ይብሳል። ዛሬ በበይነ መረብ ላይ ያለውን አድራሻ ሁሉ ያለማቋረጥ የሚያስሱት ፕሮግራሞች ናቸው። ወልቂጤ የት እንዳለች አያውቁም፤ የሚያውቁት ከርቀት የሚያስገባው የሪሞት ዴስክቶፕ ወይም የኤስኤስኤች በር ክፍት መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የማረከው ከፋብሪካ የመጡ፣ ያልተለወጡ ስድሳ ያህል የአካውንትና የፓስዎርድ ጥንዶችን እየሞከረ ብቻ ነበር።

ከተሞቹ የሚሰረቅ ነገር የላቸውም የሚለው ግምትም ትክክል አይደለም። ቡታጅራ በዓለም የጤና ምርምር ስሟ የታወቀ ከተማ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ከ1979 ጀምሮ በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትን፣ ሞትንና ዝውውርን ከቤት ወደ ቤት እየመዘገቡ ቆይተዋል። ቆየት ብሎ በዚያው አካባቢ በከባድ የአእምሮ ሕመም ላይ የተካሄደው ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ዐዋቂዎችን በልየታ መርምሯል። ከአንድ ትንሽ አካባቢ የተሰበሰበ እንዲህ ያለ መረጃ ቢወጣ ስሙ የተደበቀ ሰው እንኳ በቀበሌው፣ በዕድሜውና በቤተሰቡ ብዛት ሊታወቅ ይችላል። ሁሉም በሚተዋወቅበት ቦታ ደግሞ የሕመም ምስጢር መውጣት ጋብቻን፣ ሥራን፣ የእድር ግንኙነትን ይነካል። የቡታጅራ ሕዝብ ይህን ሁሉ ዘመን በሩን ከፍቶ ለጠያቂ መልስ የሰጠ ሕዝብ ነው። ለእሱ የሚገባው ጥበቃ በከተማው ትንሽነት ሊለካ አይገባም። የግብር ከፋይ መዝገብ፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የሠራተኛ ደመወዝ ሲጨመሩበት ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ከእነዚህ አንዱ ቢለወጥ ሰው መሬቱን ሊያጣ ይችላል፤ ለውጡንም ማንም ላያየው ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። በጀት ጠባብ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን መስፈርቱ በአብዛኛው መቀነስ ከሆነ፣ የማያስፈልግ አገልግሎት መዝጋት፣ የለቀቀን ሠራተኛ አካውንት ማጥፋት፣ ለአምስት ሰው የሚያገለግልን አንድ ፓስዎርድ ለየግል መለወጥ አንድ ብር አያስወጣም። ማሽኑን እየፈተሸ ከሲ.አይ.ኤስ ወይም ከስቲግ ዝርዝር ጋር የሚያስተያየው ኦፕንስካፕ የተባለ መሣሪያም በነፃ ይገኛል። ገንዘብ በእርግጥ የሚነሳው በአንድ ቦታ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 በጥር 5፣ 2012፣ ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 በመስከረም 29፣ 2016 መደበኛ የደህንነት ማሻሻያቸው አብቅቷል፤ ነፃው ሴንትኦኤስ 7 ደግሞ በሰኔ 23፣ 2016። ከእነዚህ ቀናት በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ፣ ተጨማሪ ክፍያ ካልተከፈለ በቀር፣ አይደፈንም። የተሰነጠቀ ዊንዶውስ መጫን ለሰርቨር መፍትሔ ሊሆን አይችልም፤ ፈቃዱን የሰበረው ፋይል ማን እንደሠራውና ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ የሊኑክስ ቅጂ፣ ለምሳሌ አምስት ዓመት ነፃ ማሻሻያ ያለው ኡቡንቱ፣ የፈቃድ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሰው ነው። ጉብሬ ላይ ያለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ጀምሮ በዚሁ አካባቢ ያስተምራል፤ ሰው ከየት ይምጣ ለሚለው ቢያንስ የመልሱ አካል በአካባቢው አለ።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከባለሙያዎቹ የሚመጣው ነው፦ «አፕዴት ሥራ ያቆማል»። እውነት አላቸው። በመጋቢት 6 ለ7 ሌሊት፣ 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አድረው ከባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ በወጣ ጊዜ፣ የተሰጠው ማብራሪያ የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ በሥርዓቱ ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ችግር ነው የተባለው። የአገሪቱ ትልቁ ባንክ የገጠመው ነገር በወልቂጤ ብቻውን የሚሠራን የአይሲቲ ባለሙያ ቢያስፈራው አያስገርምም። የኔትወርክ ችግርም አለ። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ሲዘጋ አብዛኛው ሰርቨር ከውጭ ማሻሻያ ማውረድ አልቻለም። ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ አፕዴት ይቅር የሚል አይደለም። ማሻሻያ አስቀድሞ በሌላ ማሽን ላይ ይሞከር፣ ከመጫኑ በፊት ባክአፕ ይወሰድ፣ የሚጫንበት ቀንና ሰዓት ይታወቅ፣ ቢበላሽ ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድ ይጻፍ የሚል ነው። መስፈርቶቹም ይህንኑ ነው የሚሉት። የሚሞከርበት ማሽን ውድ መሆን የለበትም፤ ከአገልግሎት የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃል።

ማሻሻያን ማዘግየት የሚያስከፍለውን ዋጋ ዓለም በግንቦት 2009 አይቷል። ማይክሮሶፍት በመጋቢት 5፣ 2009 አንድ አሮጌ የፋይል መጋሪያ ስልት ላይ የነበረውን ቀዳዳ ደፈነ። ከሁለት ወር በኋላ፣ በግንቦት 4፣ ዋናክራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆለፈ። በእንግሊዝ ከ236 የሕዝብ ጤና ተቋማት ቢያንስ 80 ተነኩ፤ ቀጠሮዎች ተሰረዙ፣ ሕሙማን ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላኩ። የአገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ያወጣው ሪፖርት ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ከጥቃቱ በፊት 88 ተቋማት በአካል ተፈትሸው አንዳቸውም አላለፉም ነበር። የፈተሸው አካል ግን አስተካክሉ ብሎ የማስገደድ ሥልጣን አልነበረውም። ገንዘብም ዕውቀትም ከእኛ ብዙ እጥፍ ባለበት አገር መስፈርት ነበር፣ ፍተሻ ነበር፣ ማስጠንቀቂያም ነበር። የአንዱ ማሽን ባለቤት ማን እንደሆነና ካላስተካከለ ምን እንደሚከተል ግን አልተወሰነም። በወልቂጤና በቡታጅራ የማየው አደጋ ይኸው ነው፦ ኦዲት ተደርጎ ሪፖርቱ በፋይል ተያይዞ እንዳይቀር።

ይህን ስል የውጭውን ዝርዝር እንዳለ ቀድተን እንጫን ማለቴ አይደለም፤ በዚህ ረገድ ተቺዎቹ ትክክል ናቸው። የስቲግ ደንብ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ፓስዎርድ የተሳሳተ አካውንት እንዲቆለፍና አስተዳዳሪ እንዲከፍተው ይላል። አስተዳዳሪው አንድ ሰው ብቻ በሆነበት፣ እሱም ለሥልጠና ሆሳዕና በሄደበት ሳምንት፣ ይህ ደንብ የደመወዝ ቀንን ሊያስተጓጉል ይችላል። ያን ጊዜ ሠራተኛው መፍትሔ ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም የአድሚኑን ፓስዎርድ በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥን ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱ የሚከፈት መቆለፊያ ለእንዲህ ያለ ቢሮ ይሻላል። ፓስዎርድ በየሦስት ወሩ ይለወጥ የሚለው የድሮ ልማድም እንደዚያው ነው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2017 ምክሩን ለውጦ፣ መሰረቁ ካልታወቀ በቀር ሰውን በየጊዜው አዲስ ፓስዎርድ ማስፈጠር እንደማያስፈልግ ገልጿል፤ ሰዎች በቁጥሩ ላይ አንድ እየጨመሩ ደካማ ያደርጉታልና። ለከተማ ጽሕፈት ቤት የሚሆነው መስፈርት በአንድ ገጽ የሚያልቅ፣ በማሽኑ ላይ ሊረጋገጥ የሚችል መሆን አለበት። «በቂ ጥበቃ ይደረግ» የሚል ዐረፍተ ነገር ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም። «ሪሞት ዴስክቶፕ ከውጭ ኢንተርኔት አይከፈትም» የሚለውን ግን ማንም በአምስት ደቂቃ ያረጋግጠዋል።

በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን ጉዳይ ከባለሙያዎች ክፍል አውጥቶ ወደ ኃላፊዎች ጠረጴዛ አምጥቶታል። የዜጎችን መረጃ የሚይዝ አካል ተገቢውን የቴክኒክና የአሠራር ጥበቃ እንዲያደርግ፣ መረጃ ሲጣስም በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው፣ ማለትም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ሰባ ሁለት ሰዓት ሦስት ቀን ነው። ሎግ የሌለው፣ ሰዓቱ የተዛባ፣ አድሚኑ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰርቨር ያለው ቢሮ በሦስት ቀን ምን ብሎ ሊያሳውቅ ይችላል? መጣሱንም አያውቅም። ስለዚህ የመምሪያ ኃላፊ የሰርቨርን ጉዳይ «የልጆቹ ሥራ» ብሎ ማለፍ አይችልም፤ ኃላፊነቱ የእሱ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ብዙ ደጋፊ አለው፦ ሁሉም ነገር ወደ አዲስ አበባ የመረጃ ማዕከል ወይም ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ክላውድ ቢዛወር በከተሞቹ የሚጠነክር ሰርቨር አይኖርም። በከፊል እስማማለሁ። በመጋዘን ጥግ፣ በአቧራና በመብራት መቆራረጥ ውስጥ ከሚሠራ ማሽን በደንብ የተያዘ ማዕከል ይሻላል፤ ሊዛወር የሚችለው ይዛወር። ግን ክላውድ የሚያቀርበው ድርጅት የሚጠብቀው ሕንፃውንና ከታች ያለውን መሣሪያ ነው። በተከራዩት ሰርቨር ላይ ያለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማሻሻል፣ አካውንት መዝጋት፣ ሎግ ማየት በአብዛኛው የተከራዩ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ኔትወርክ ሲቋረጥ ሥራ እንዳይቆም በጤና ተቋማትና በፋይናንስ ቢሮዎች የሚቀመጡ የአካባቢ ቅጂዎችም አሉ። እና የለቀቀው ሠራተኛ አካውንት ክላውድ ላይ ሲሆን ከቢሮ ሰርቨር ይልቅ አደገኛ ነው፤ ከየትም ሆኖ ይገባልና።

ለእያንዳንዱ የከተማና የወረዳ ጽሕፈት ቤት ራሱን የቻለ የደህንነት ባለሙያ መቅጠር አይቻልም፤ ቢቀጠርም በተሻለ ደመወዝ አዲስ አበባ ይጠራዋል። በዞን ደረጃ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ያሉት አንድ ቡድን በሥሩ ያሉትን ሰርቨሮች ሁሉ መመዝገብ፣ በየወሩ በማሽኑ ላይ መፈተሽ፣ ያላለፈውን በስም ለኃላፊው ማሳወቅ ይችላል። ለዚህ ሥልጣን በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። ለጉራጌ ዞን በወልቂጤ፣ ለምሥራቅ ጉራጌ በቡታጅራ፣ ወይም ሁለቱ ዞኖች ተስማምተው በጋራ። የመጀመሪያ ሥራው ፋየርዎል መግዛት መሆን የለበትም። ከ2015ቱ ሽግግር በፊት የተፈጠሩ አካውንቶችን አንድ በአንድ እያነሱ «ይህ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ባለቤት ያልተገኘለትን መዝጋት፣ ለቀረው ደግሞ ከሞዴል 22 ጋር የሚያያዝ የርክክብ ቅጽ ማዘጋጀት ነው፤ የአካውንቱ ስም፣ የተሰጠው ሥልጣን፣ የተረካቢው ፊርማ፣ የሚዘጋበት ቀን። በክሊራንስ ቅጹ ላይም የዞኑ ቡድን የሚፈርምበት አንድ መስመር ይጨመር፤ ያ ፊርማ ሳይሟላ ማንም አድሚን መልቀቂያ አይሰጠው።